የተነገረው ነውርና ያልተነገረው በደል

በሐርጌሳ የከብት ገበያ በማለዳ የተገኘ ሰው፣ ገዢና ሻጭ አፍ ሳይከፍቱ ሲስማሙ ያያል። ደላላው እጁን ከጨርቅ ሥር ሰድዶ የባለጉዳዩን ጣቶች ይጨብጣል፤ ዋጋው በጣት ተነግሮ በጣት ይመለሳል፤ ከጎን የቆመው ምን ያህል እንደተባለ አያውቅም። ከዋጋው በፊት ግን ሌላ ሥራ አለ። ገዢው የፍየሉን ከንፈር ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ ዐይኑን ይመለከታል፣ ጎንበስ ብሎ እግሩን ይዳስሳል። የሚፈልገው ጉድለት ነው። ዐረብኛው ይህን ጉድለት «ዐይብ» ይለዋል፤ በእስልምና የንግድ ሕግም ገዢ የተደበቀ ዐይብ ያገኘበትን ዕቃ ለሻጩ የመመለስ መብት አለው። ሶማሊኛው ይህንኑ ቃል ወርሶ «ዔብ» ሲል በተለይ ለሰው አዋለው፤ ዔብ ማለት ነውር፣ አንገት የሚያስደፋ ነገር ማለት ሆነ። የአማርኛው «ነውር»ም ከዚሁ የራቀ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን አማርኛ ነውር የሌለበት የሚባለው ለመሥዋዕት የሚቀርበው ጠቦት ነው፤ ያልታወረ፣ ያላነከሰ፣ ቆዳው ያልቆሰለ ማለት ነው። ያው ቃል ለሰውም ይነገራል።

ሁለቱም ቃላት ከእንስሳ ወደ ሰው ሲሻገሩ ግን አንድ ነገር መንገድ ላይ ጥለዋል፤ እርሱም ዳሰሳው ነው። የእንስሳ ነውር በእጅ ይፈለጋል። የሰው ነውር በአፍ ይመጣል፣ በጆሮ ይገባል፤ ጎንበስ ብሎ እግሩን የሚዳስስ የለም። ከዚህ የተነሣ ሁለት ጥያቄዎች አብረው ይወለዳሉ። ነውር ተብሎ በአደባባይ የተነገረ ነገር ሁሉ በደል ነውን? በደል የሆነውስ ሁሉ ነውር ተብሎ ይነገራልን? ለመጀመሪያው ጥያቄ «አይደለም» ለማለት ማንም አይቸገርም፤ ሐሜትና አሉባልታ ምን እንደሆኑ ሁሉም ያውቃል። የሚከብደው ሁለተኛው ነው። አንድ ሰው ባልሠራው ነገር ተከሶ ሲዋረድ፣ በእውነት የሠራው በደል ደግሞ ከክሱ ውጭ ሲቀር፣ ለዚያ ሰው የሚገባው ፍርድ ምን ዓይነት ነው?

ሐርጌሳ ላይ ለተቀመጠ የአማርኛ አንባቢ ምሳሌው ሩቅ አይደለም። ከዚህ ከተማ ወደ ምዕራብ የሚሄደው መኪና ቶጎ ውጫሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ ጅጅጋ ይገባል፤ ከጅጅጋም የካራማራን ተራራ አልፎ ወደ ሐረር ይዘልቃል። በ1908 ዓ.ም. መጨረሻና በ1909 ዓ.ም. መግቢያ (ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የኢትዮጵያን መንግሥት የያዙት ልጅ ኢያሱ በዚያ አገር ነበሩ፤ በዚያው ሳሉም አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን ተሻሩ። የተሻሩት በጦርነት ተሸንፈው ወይም የመንግሥት ግምጃ ቤት አራቁተው ተብሎ አልነበረም። ነውር ሠሩ ተብሎ ነበር።

ልጅ ኢያሱ በእናታቸው በወይዘሮ ሸዋረጋ በኩል የዐፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው። አባታቸው ራስ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል፣ የወሎ ገዢ ነበሩ። ራስ ሚካኤል የተወለዱት መሐመድ ዐሊ ተብለው ነው፤ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ካደረጉት ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊም ባላባቶች እንዲጠመቁ ሲገደዱ ክርስትና ተነሡ። ልጁ እንግዲህ በሁለት ቤት መካከል ተወለደ፤ አንደኛው ቤት ዘሩን ከሰሎሞን ይቆጥራል፣ ሌላው የወሎን የእስልምና ባላባትነት አልረሳም። አንድ ትውልድ እንኳ ያላስቆጠረ ጥምቀት በቤተ ዘመድ ውስጥ ምን እንደሚተው ለማሰብ ብዙ መመራመር አያሻም። ለቅሶ ሲደረስ፣ ሠርግ ሲጠራ፣ በአንዱ ቤት ሁለት ዓይነት ምሳ ይሠራል።

በ1901 ዓ.ም. አያታቸው በሕመም እየደከሙ ሳለ የልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽነት ታወጀ፤ ገና ለአካለ መጠን አልደረሱም ነበር። ሞግዚታቸው ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ዐፄ ምኒልክም ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ልጅ ኢያሱ ግን አገር እየገዙ ዘውድ ሳይጭኑ ቀሩ። «ልጅ» የሚለው ስም እዚህ ላይ ለአስተርጓሚ ፈተና ነው። የመኳንንት ልጅ የሚጠራበት ማዕርግ ነው፤ በተራው ንግግር ደግሞ ያው ልጅ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ሳይተረጉሙ እንዳለ መጻፉን መርጠዋል፤ ደግ አደረጉ፣ ቃሉ ሁለቱንም ይዟልና። በአርባ ዓመታቸው ገደማ ሲሞቱም ልጅ ኢያሱ ነበሩ፣ ዛሬም ልጅ ኢያሱ ናቸው።

አዲስ አበባ መቀመጥ አልወደዱም። ወራት እየዘለቀ በየጠረፉ ይዞሩ ነበር፤ መኳንንቱ ጉዳይ ይዘው ደጅ ሲጠኑ ባለጉዳዩ አፋር ወይም ሐረርጌ ይገኛል። ይህ እውነተኛ የአስተዳደር ጉድለት ነው፤ ማንም ሊከላከልላቸው አይችልም። በሄዱበት ሁሉ ግን ከአገሩ ሰው ጋር ተቀላቀሉ። ከሙስሊም ባላባቶች ቤት ሚስቶች አገቡ። በድሬዳዋ፣ በሐረርና በጅጅጋ የአገሩን ልብስ ለበሱ፣ ከአገሩ ሹማምንት ጋር በአንድ ማዕድ ተቀመጡ። ዐብዱላሂ ሳዲቅ የተባሉትን የሐረር ሙስሊም ትልቅ ሰው በኦጋዴን ላይ ሾሙ። በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ደግሞ ሐረርን ከደጃዝማች ተፈሪ መኮንን ነጥቀው ተፈሪን ወደ ከፋ አዛወሩ። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ ነውሩ ወሬ መጋጋል ሲነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

አሁን ከእነዚህ ድርጊቶች አንዱን ብቻ ወስዶ ከሁለት ከተማ ሆኖ መመልከት ነው። የምግቡን ነገር እንውሰድ። በሶማሌ አገር ለእንግዳ በግ ወይም ግመል ይታረዳል፤ እንግዳው ካልበላ ባለቤቱን ሰደበ ማለት ነው። በደጋው አገር ደግሞ የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ የተለያየ ነው፤ ማን ባርኮ አረደው የሚለው ጥያቄ ማን ነህ ከሚለው ጥያቄ አይለይም። እንግዲህ ከጅጅጋ የተመለከተው «ገዢያችን የቤታችንን በላ፣ አከበረን» ይላል። ከአዲስ አበባ የተመለከተው «ሃይማኖቱን ካደ» ይላል። ድርጊቱ ግን አንድ ነው፤ አንድ ሰው ከአንድ ገበታ አንድ ጉርሻ ሥጋ አነሣ። ዛሬም ሐርጌሳ ላይ በግንበኝነት ወይም በምግብ ቤት ሥራ የሚተዳደር ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ይህ ጥያቄ በየምሳው ሰዓት ይገጥመዋል። አንዱ ከአገሩ ጋር ይበላል፤ ሌላው ዓመቱን በሽሮና በዕንቁላል ይገፋል፤ ሁለቱም አንዱ ስለሌላው የሚሉት አላቸው። የግንበኛው ምሳ ግን መንግሥት አይገለብጥም።

ልብሱም እንዲሁ ነው። ልጅ ኢያሱን በሙስሊም ልብስና በጥምጥም የሚያሳይ ፎቶግራፍ በዚያ ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ፎቶው እውነተኛ ነው ወይስ በባለሙያ እጅ የተቀነባበረ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ለክርክሩ የተከፈለው ድካም ግን ራሱ አንድ ነገር ይናገራል። ፎቶው እውነተኛ ቢሆንስ? ጥምጥም ካህኑም ይጠመጥማል። አንድ ገዢ የሚገዛውን ሕዝብ ልብስ ለብሶ መታየቱ በሌላው ዓለም እንደ ጨዋነት ይቆጠራል፤ የእንግሊዝ መሳፍንት ስኮትላንድ ሲወጡ የአገሩን ጉርድ ታጥቀው ፎቶ ይነሣሉ፣ ከሥልጣን ግን አይወርዱም። ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ወገኖች ልብሱ ወንጀል መሆኑን አስቀድመው ተቀብለዋል፤ የሚጣሉት ለብሰዋል ወይስ አልለበሱም በሚለው ላይ ነው።

በዚህ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነበር። ኢትዮጵያን ከበርበራ እንግሊዝ፣ ከጅቡቲ ፈረንሳይ፣ ከአሥመራና ከሞቃዲሾ ጣሊያን ከበዋታል፤ ሦስቱም በአንድ ወገን ተሰልፈው ከጀርመንና ከኦቶማን ቱርክ ጋር ይዋጋሉ። ልጅ ኢያሱ ወደ ጀርመንና ወደ ቱርክ ማዘንበላቸው ሐሰት አይደለም። በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ከ1891 ዓ.ም. ጀምሮ ሲዋጉ ከነበሩት ከሰይድ መሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን ጋርም ተላልከዋል፤ ኤሚል ኪርሽ የተባለ ጀርመናዊ መካኒክ የደርቪሾቹን መሣሪያ እንዲጠግን ወደ ታሌሕ ልከዋል። ሰይድ መሐመድን እንግሊዞች የሚጠሯቸው «እብዱ ሙላህ» ብለው ነበር። የስሙ ነገር ያስገርማል። «ሙላህ» የሶማሊኛ ቃል አይደለም፤ «እብድ» ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ጦር ያዘመተን፣ ምሽግ የገነባን፣ በግጥሙ አገር ያስነሣን ሰው አይገልጽም። ስሙ ሰውዬውን ለመረዳት አልወጣም፤ ለመረዳት ከሚያስፈልገው ድካም ለማረፍ የወጣ ነው። በሰይድ ላይ የተለመደው ይህ ዘዴ ወደ ልጅ ኢያሱም ለመሻገር ብዙ አልተቸገረም።

በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሚኒስትር የነበሩት ዊልፍሬድ ቴሲገር የትልቅ ቤት ሰው ነበሩ፤ ታላቅ ወንድማቸው ሎርድ ቼልምስፎርድ በዚያው በ1908 ዓ.ም. የሕንድ እንደራሴ ሆነው ተሹመዋል። አንዱ ወንድም በሕንድ በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ሙስሊሞችን ሲያስተዳድር፣ ሌላው ወንድም አንድ ወጣት ገዢ ከሙስሊሞች ጋር መወዳጀቱ እያስጨነቀው ለለንደን ይጽፍ ነበር። መስከረም 1909 ዓ.ም. እንደገባ የሦስቱ መንግሥታት ሌጋሲዮኖች በአንድነት የተቃውሞ ደብዳቤ አቀረቡ። ግርግሩ በተነሣ ጊዜ የደጃዝማች ተፈሪ ጨቅላ ልጅ ለደኅንነቱ ሲባል የተጠለለው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ነበር። ማን ከማን ጋር እንደቆመ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ግን በግልጽ ሊከራከሩበት የሚቻል ነገር ነበር። ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት ከማን ጋር ብትሰለፍ ይሻላታል? ሙስሊሙ ሕዝብ በመንግሥቱ ውስጥ ምን ቦታ ይኑረው? ጠረፉ ከመሐሉ ጋር እንዴት ይተሳሰር? ልጅ ኢያሱ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ የተጣደፈ፣ ምናልባትም አደገኛ ነበር። ምክር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ተቀምጠው «ይህ መንገድ አያዋጣም» ቢሉ ኖሮ የሚያሳፍር አልነበረም። ነገር ግን ጥያቄው ሲነሣ የሚያስፈልገው ማስረጃና ትዕግሥት ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ተሸንፎ የመገኘት ስጋት አለበት። ነውር ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል። ሰውዬው ነውረኛ ከሆነ አሳቡን መመርመር አያሻም፤ ከአሳቡ ጋር ክርክር የገጠመው ራሱ ይጠረጠራል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም መሐላው ነው። መኳንንቱ ለዐፄ ምኒልክ ቃል ገብተዋል፤ ልጅ ኢያሱን ሊከዱ የማይገባቸው መሆኑ በእርግማን ታስሮ ታውጇል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው መሐላ በቀላሉ የሚረገጥ አልነበረም፤ ሰው ልጆቹንና የልጅ ልጆቹን አስይዞ የሚምለው ነው። መንግሥት ቸል አሉ ቢባል መሐላው አይፈታም። ብዙ ሚስት አገቡ፣ አልጋውን አቃለሉ ቢባልም አይፈታም። መሐላውን ሊያሸንፍ የሚችለው ከመሐላው የሚበልጥ ነገር ብቻ ነው፤ በክርስቲያን መንግሥት ውስጥ ደግሞ ከንጉሥ መሐላ የሚበልጠው ሃይማኖት ነው። ስለዚህ ክሱ በሰውዬው ድርጊት ልክ ሳይሆን በመሐላው ክብደት ልክ ማደግ ነበረበት። መጎብኘት መወዳጀት ሆነ፤ መወዳጀት ማግባት፣ ማግባት መስገድ፣ መስገድም መካድ ሆነ። ሐሜት እንዲህ የሚያድገው ዋሾች ስለበዙ ብቻ አይደለም። ቅን ሰዎችም ቢሆኑ ለማድረግ ለቆረጡት ነገር በቂ ምክንያት እስኪያገኙ ድረስ ወሬውን ይቀበላሉ፤ ሲበቃቸው መጠየቅ ያቆማሉ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት መኳንንቱና ካህናቱ ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ጥቂት ካመነቱ በኋላ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ፣ ልጅ ኢያሱንም አወገዙ። ዘውዲቱ ምኒልክ ንግሥት፣ ተፈሪ መኮንን ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ተከሳሹ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ሐረርጌ ውስጥ ነበሩ፤ ክሱን የሰሙት ከፍርዱ ጋር በአንድነት ነው። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን፣ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ ከሁለቱም ወገን ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ንጉሥ ሚካኤል ተማርከው በአዲስ አበባ በድል ሰልፍ ላይ ታዩ። ሰልፉን ከተመለከቱት መካከል የእንግሊዙ ሚኒስትር የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እርሱም የአባቱን ስም የያዘው፣ በኋላ የበረሃ ተጓዥና ጸሐፊ ሆኖ የታወቀው ዊልፍሬድ ቴሲገር ነው። የዚያን ቀን ትዕይንት ዕድሜውን ሙሉ አልረሳውም፤ በሕይወት ታሪኩም ጽፎታል።

በሶማሌ ባሕላዊ ሕግ፣ በሔር፣ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ሲቀመጡ ከሳሽ ተናግሮ ሲጨርስ ተከሳሽ ይናገራል፤ ነገሩ ቀናት ቢፈጅም የሁለቱ ወገን ቃል ሳይሰማ አይፈረድም። የደጋው ሰውም ሙግት የሚወድ፣ በችሎት ፊት ነጠላውን አጣፍቶ ሲሟገት የሚኖር ሕዝብ ነው። አንድ ገበሬ ለአንድ ጥማድ መሬት ዓመታት ይሟገታል። ያን ያህል ሙግት የሚያከብር አገር የራሱን ገዢ ቃሉን ሳይሰማ መፍረዱ ያስደንቃል። ለማነጻጸር ያህል፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ስምንተኛ ሁለት ጊዜ የፈታች አሜሪካዊት ሊያገቡ በመፈለጋቸው ዙፋናቸውን ለመልቀቅ ተገደዱ። የእርሳቸውም ነገር በቤተ ክርስቲያንና በጋብቻ ዙሪያ የተነሣ ነውር ነበር። ነገር ግን በራዲዮ ቀርበው በራሳቸው አንደበት ለሕዝባቸው ተናገሩ፤ ከዚያም መስፍን ተብለው ፈረንሳይ አገር ኖሩ። በዚያው ወር ዐፄ ኃይለ ሥላሴ፣ የትናንቱ ተፈሪ፣ በእንግሊዟ የባዝ ከተማ በስደት ተቀምጠው ነበር። ነገሩን ምን ብለው እንደተመለከቱት የሚያውቅ የለም። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው ግን የልጅ ኢያሱን ጥፋት ዘርዝረው ጽፈዋል። በልጅ ኢያሱ እጅ የተጻፈ መልስ የለም።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የአንድ የተበደለ ሰው ታሪክ ይመስላል። እዚህ ላይ ቢቆም ለአንባቢም ለጸሐፊም ይቀላል። ነገር ግን ከክሱ አራት ዓመት በፊት የሆነ ሌላ ነገር አለ።

በ1904 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘምተው በዚያ ዘመን ጊሚራ ይባል ወደነበረው አገር ገቡ፤ ዛሬ የቤንች ሕዝብና ጎረቤቶቹ የሚኖሩበት ነው። (ጊሚራ የሚለውንም ስም ያወጣላቸው ሌላው ነው።) ዘመቻው የባሪያ አደን ሆነ። ሰው በሺዎች ተይዞ፣ ወንዱ፣ ሴቱና ሕፃኑ ሳይለይ፣ ወደ ሰሜን ተነዳ። በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ የቀረው ብዙ ነው፤ የተረፈው ለወታደሩና ለመኳንንቱ ተከፋፈለ። ልጅ ኢያሱ ይህን ከሩቅ የሰሙት አይደለም፤ በቦታው የነበሩና ያዘዙ ናቸው። ዕድሜያቸው ገና ለጋ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል፤ ለጋነታቸው ግን ለተነዳው ሰው የሚቀይርለት ነገር አልነበረም።

በመስከረም 1909 ዓ.ም. የሚሻሩበት ምክንያት ሲፈለግ ይህ ከፊት አልተገኘም። ጉርሻው ተቆጠረ፣ ጥምጥሙ ተቆጠረ፣ ሚስቶቹ ተቆጠሩ። ጳጳሱን ያስወገዛቸው፣ ሕዝቡን ከመሐላ ያስፈታው የጊሚራ ሰው እንባ አልነበረም።

የዘመኑ ልማድ ነበር የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ እውነትነት አለው፤ ግን የሚያስረዳው ሌላ ነገር ነው። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው የባሪያ ንግድን የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ስለነበር፣ ነገሩ ክፉ መሆኑ ያልታወቀበት ዘመን አልነበረም። ያልተከሰሱበት ምክንያት ከሳሾቹም የድርሻቸው ስለነበራቸው ነው። ጉርሻው የልጅ ኢያሱ ብቻ ነበር፤ ባሪያው ግን በየግቢው ነበር። ነውር የሚባለው ነገር አንድ ሰው ከሌላው ተለይቶ ያደረገው ነው፤ ሁሉም አብሮ ያደረገው ነውር አይባልም፣ አገር ይባላል። ስለዚህ በአደባባይ የሚጮኸው ውርደት የበደልን ክብደት አይለካም። የሚለካው የተቆጣው ወገን ማን እንደሆነና ድምፁ ከየት ድረስ እንደሚሰማ ነው። የመኳንንቱ ቁጣ ከግቢ እስከ ሌጋሲዮን ይሰማል፤ የቤንች እናት ቁጣ ግን ከአፏ አልፎ የሚሄድበት ችሎት አልነበረውም።

ታሪክ አንዳንድ ጊዜ ያሾፋል። ልጅ ኢያሱ ከተሻሩ ልክ በሰባተኛው ዓመት፣ በዚያው በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች። ከመግባቷ በፊት ጄኔቫ ላይ የተጠየቀችው ስለ ባርነት ነበር። ጥምጥም ያነሣ አልነበረም። ራስ ተፈሪ በዚያው ዓመት ባሪያዎች ደረጃ በደረጃ ነፃ የሚወጡበትን ሕግ አወጡ፤ ባርነት ፈጽሞ የተሻረው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው።

በቅርብ ዘመን ልጅ ኢያሱን የሚያዩ ዐይኖች ተለውጠዋል። ኤልዋ ፊኬና ቮልበርት ስሚት ያዘጋጁት የጥናቶች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ የክሱን ብዙ ነገር እንደገና አስመርምሯል። በተራው አንባቢ ዘንድ ደግሞ ልጅ ኢያሱ ከዘመናቸው የቀደሙ፣ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን እኩል ሊያደርጉ የተነሡ፣ በሴራ የወደቁ መሪ ሆነው ይነገራሉ። በጅጅጋም ሆነ በሐርጌሳ ይህ ትረካ ደስ ያሰኛል፤ በጉብኝታቸው የተከበረው የዚህ አገር ሰው ነውና ደስታው ይገባዋል። ይህም ትረካ ግን የድሮውን ክስ ገልብጦ ያነበበው እንጂ አዲስ ዳሰሳ አይደለም። ትናንት በጥምጥሙ የኮነኗቸው ጊሚራን አላነሡም፤ ዛሬ በጥምጥሙ የሚያወድሷቸውም አያነሡም። ሁለቱም ወገን የሚያየው ራሱን የሚመለከተውን ነው። ለእንደዚህ ያለ ሰው የሚገባው ፍርድ ያልሠራውን ከላዩ አውርዶ የሠራውን ማስቀረት ነበር፤ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ አይጣፉም። በሐሰት መዋረዳቸው ለጊሚራ ካሣ አይሆንም። በጊሚራ የሠሩትም የመስከረሙን ሐሰት እውነት አያደርገውም። ይህን ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ከባድ ስለሆነ፣ ሰው አንዱን መርጦ ያርፋል።

ልጅ ኢያሱ ከሰገሌ በኋላ ለዓመታት በአፋርና በሰሜን ተንከራተቱ። በ1913 ዓ.ም. ሰይድ መሐመድ ዐብዱላህ ሐሰን በእንግሊዝ አውሮፕላን ከታሌሕ ተሰድደው ኢሚ ላይ ሞቱ፤ በዚያው ዓመት ልጅ ኢያሱ ተያዙ። ፍቼ ላይ በራስ ካሣ እጅ ታስረው ኖሩ። በ1924 ዓ.ም. አምልጠው ጥቂት ሳይቆዩ ተያዙና ወደ ሐረርጌ፣ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ፤ አንድ ጊዜ ገዢ ሆነው ያለፉበትን አገር እስረኛ ሆነው አዩት። የጣሊያን ጦር በሰሜን በገባበት በኅዳር 1928 ዓ.ም. ሞቱ። በምን እንደሞቱ እስከ ዛሬ ይወራል። ስለ እርሳቸው ወሬ ያልተለየው እስከ መቃብር ነው።

ያ ክስ በተነበበበት በመስቀል ዕለት፣ ከአራት ዓመት በፊት ከጊሚራ ከተነዱት መካከል በሕይወት የቀሩት በአዲስ አበባ በየጌቶቻቸው ግቢ ነበሩ። በዓል ስለነበረ ሥራው ይበዛል፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈለጣል፣ ለእንግዳ ይታጠባል። ጌቶቻቸው ከጉባኤው ሲመለሱ ስለ ልጅ ኢያሱ የሠሩትን ነውር እየተነጋገሩ ገቡ። እነርሱን የጠየቀ አልነበረም።